ያልታተሙት መስመሮች

ሰሞኑን ካርሜ ጋት የሚባለው ሰፈር ልጄ ኖአ ቤት ሄጄ፣ በኮምፒውተሯ ዜማ ስትጽፍ አየኋት። መሃል ላይ ኖታ ስትጨምር የቀረው ሁሉ ገፋ ገፋ ብሎ ገጹ ወዲያው ተስተካከለ። «ድሮ እንዲህ አልነበረም» አልኳት። ሳቀች። እኔ ግን ሐሳቤ ሄደ።

የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ እዚህ እስራኤል፣ በቂርያት ጋት ከተማ ማትናስ በሚባለው የሕዝብ ማዕከል፣ የወጣቶች ኦርኬስትራ ውስጥ ክላርኔት እነፋ ነበር። መምህራችን ሶፊያ ከሩሲያ የመጣች ሴት ናት፤ ዕብራይስጧ ከአባቴ ብዙም አይሻልም። ለዓመቱ መዝጊያ ከየቤታችን ዘፈን አምጡ ስትለን፣ አባቴን ለምኜ ወሰድኳቸው። አባቴ ጎንደር ሳሉ የሠርግ አቀንቃኝ ነበሩ። እዚህ ግን ከፋብሪካ ሲመለሱ ሬዲዮ እንኳ አይከፍቱም።

ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው ለሶፊያ ዘገኑላት፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ዘፈኑ። እሷ ቆሎውን እየቆረጠመች በኮምፒውተር ጻፈችው። ፕሮግራሙ ግትር ነበር። በመሪዋ ገጽ ላይ አዲስ ነገር ሲጨመር የተጫዋቾቹን ወረቀት በራሱ አያድስም፤ የእያንዳንዱን ተጫዋች ወረቀት ለየብቻ እዘዙኝ ይላል።

በኮንሰርቱ ዕለት ጠዋት አባቴ ልምምዱን ሰሙ። «ደኅና ነው። ግን ተቀባዩ የታለ? ዘፈን ያለ ተቀባይ ያልቃል እንዴ?»

ተረጎምኩላት። ሶፊያ ሮጣ የተቀባዩን ክፍል መጨረሻው ላይ ጨመረችና ወረቀቱን እንደገና አተመች። ዳግም ለመለማመድ ጊዜ አልነበረም።

ማታ ከምድረ በዳ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ አዳራሹን ምድጃ አስመስሎታል። አባቴ በሥራ ልብሳቸው መጥተው ከሰዉ መሃል ተቀመጡ። ጥሩ እየሄድን ሳለ የእኔ ወረቀት አለቀ። ቫዮሊኖቹም ቀጥ አሉ። አዲሶቹ መስመሮች የገቡት በሶፊያ ገጽ ላይ ብቻ ነበር። እጇ ባዶ አየር ላይ ሲወዛወዝ አየሁ። ስንት ለምኛቸው የሰጡኝ ዘፈን በሰው ፊት ተቆርጦ ቀረ!

በዚያ ጸጥታ መሃል የአባቴ ድምፅ ተነሣ። ተቀባዩን ራሳቸው ያዙት። እናቶች ማጨብጨብ ጀመሩ፤ እልልታው ቀለጠ። ሶፊያ ፊቷን ወደ ሰዉ አዙራ እነሱን ትመራ ጀመር። እኔም ወረቀቱን ትቼ፣ እየሳትኩም እያገኘሁም፣ በጆሮዬ ተከተልኳቸው።

ወደ ቤት ስንሄድ «አባባ፣ ይቅር ይበሉን፤ ወረቀቱ ነው ያበላሸው» አልኳቸው።

«ምን ተበላሸ? እንዲያውም እኔን አስነሣኝ» አሉና በመንገዱ ሙሉ እያንጎራጎሩ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ በከተማችን ሠርግ ሲኖር እሳቸው ሳይጠሩ የቀሩበት ጊዜ አልነበረም። ካረፉ ቆይተዋል። እኔ እስከዚያ ምሽት የማውቀው ደክሟቸው የሚገቡ ዝምተኛ ሰው ነበር። እኔ ሳልወለድ ጎንደር ላይ ሠርግ ያደምቁ የነበሩትን ሰው ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ስንቱ ልጅ አባቱን እንዲህ ሳያይ ይቀር ይሆን?