ለናሙና የጻፈችው ስም

ከሆስፒታሉ የጀርባ በር ፊት ለፊት፣ ሁለት መኪና በማያሳልፈው ጠባብ መንገድ ላይ፣ ሦስት ሱቆች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቆመዋል። አንደኛው የሬሳ ሣጥን መሥሪያ ነው፣ መካከለኛው የአበባ ጉንጉን ቤት፣ ሦስተኛው የሴቶች ፀጉር ቤት። ሣጥን ሠሪው አዲስ ሰው ባገኘ ቁጥር «ከሦስታችን ደጅ ሳይደርስ የሚቀር ሰው የለም፤ ልዩነቱ በእግሩ መምጣቱና አለመምጣቱ ነው» ይልና ራሱ ቀድሞ ይስቃል።

የመካከለኛዋን ሱቅ ባለቤት ሰዉ ሁሉ እትዬ ጉንጉን ይላታል። ሽቦ ታጎብጣለች፣ ሽቦውን በአረንጓዴ ጨርቅ ትጠቀልላለች፣ የጨርቅ አበባ አንድ በአንድ ትሰካበታለች፤ በመጨረሻ ሪባኑን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በቀጭን ብሩሽ፣ በብርማ ቀለም፣ የሟቹን ስም ትጽፋለች። ከሐዘንተኛ ጋር አብራ አታለቅስም። «እኔ ካለቀስኩ ቀለሙ ይበላሻል፤ ቀለሙ ከተበላሸ ደግሞ እነሱ በእኔ ያለቅሳሉ» ትላለች። ምላሷ እንደ ሽቦዋ ነው፤ ሲያስሩበት ይበጃል፣ ሲነካ ግን ይወጋል።

አንድ ልጅ አላት። ልጁ ያደገው ከሥራ ጠረጴዛዋ ሥር፣ በጨርቅ ቁርጥራጭ ላይ ነው። እጁ መሰካት ከቻለ ጀምሮ፣ እሷ ጨርሳ ወደ ግድግዳው ያስደገፈችውን ጉንጉን ሁሉ ተደብቆ ይነካካ ነበር። ከታች በግራ በኩል፣ ከነጮቹ መሐል፣ አንዲት ቢጫ አበባ ይሰካል።

«ይኼ ምንድነው ደግሞ?» ስትለው፣

«መብራት ነው እማዬ። እዚያ ጨለማ ነው አላልሽም?» ይላታል።

እሷም ጀርባውን እስኪሰጥ ትጠብቅና ትነቅላታለች። ሐዘንተኛ ነጭ ከጠየቀ ነጭ ነው። በማግስቱ ልጁ ሌላ ቢጫ ይሰካል፤ እሷም ትነቅላለች። ልጅነቱ እንዲሁ አለፈ።

ሲያድግ የጨርቁንም የሙጫውንም ሽታ ጠላ። ሊያገባት ያሰባትን ልጅ ይዞ የመጣ ቀን እናትየዋ ልጅቱን ከእግር እስከ ራስ አየቻትና፣ «ይችማ ወገቧ ለጉንጉን አይጎነበስም» አለች። እሱም፣ «የሰው እንባ እየሸጥሽ ነው ያሳደግሽኝ፤ እሷ እንባ አትሸጥም» አላት። እትዬ ጉንጉን መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ በቀስታ ነበር ያስቀመጠችው። ከዚያ በሩን እያሳየች፣ መንገዱ ሁሉ እየሰማ፣

«ሞቴን ስትሰማ እንጂ ይህን ደጅ እንዳትረግጠው!» አለችው።

ልጅ ከሆነ እንደሱ ነው፤ ቃሏን አከበረላት። ሄደ። ስልኩን ቀየረ። ባሕር ተሻግሯል አሉ፣ ሚስት አግብቷል አሉ። ከዚያ በኋላ «አሉ» የሚልም ጠፋ።

ፀጉር ሠሪዋ፣ ገና ወጣት፣ ደግና ወሬኛ ሴት፣ «እትዬ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ የሚያዝዘው በስልክ ነው» ብላ በአንድ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያ ላይ የአበባ ቤቱን ገጽ ከፈተችላት። ገጹ በእትዬ ጉንጉን ስምና ፎቶ ነው። ትዕዛዝ የሚመጣበት የዚያው ኩባንያ መተግበሪያ ግን በፀጉር ሠሪዋ መታወቂያ ተመዘገበ፤ የአሮጊቷ አሮጌ ስልክ አልችለውም ብሎ ነው። ገጹ ከተከፈተ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ከአንድ ጉንጉን ፎቶ ሥር፣ የልጁ ስም ያለበት አካውንት አንዲት ቀይ ልብ አስቀመጠ። ቃል የለም። ልብ ብቻ።

«ልጻፍለት?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ራሱ ይጻፍ» አለች እናት። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ፣ «እስቲ ያንን ገጽ ክፈቺው፤ ትዕዛዝ መጥቶ እንደሆነ» ትላለች። ትዕዛዝ በገጹ እንደማይመጣ ሁለቱም ያውቃሉ።

ነገሩ የተበላሸው በናሙና ነው። ኩባንያው የዕቃው ፎቶ ሪባኑ የተጻፈበት ይሁን አለ። እትዬ ጉንጉን ብሩሹን እንደያዘች ቆመች። በሕይወት ያለ ሰው ስም በጉንጉን ላይ መጻፍ ሞት መመኘት ነው። የሞተ ሰው ስም መጻፍ ደግሞ ሬሳን ገበያ ማውጣት ነው።

«የራሴን እጽፈዋለሁ» አለች። «በራሴ ባሟርት ማን ይከሰኛል?»

«ለውድ እናታችን» ብላ ጀመረች፤ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች፤ «በሰላም ዕረፊ» ብላ ዘጋች። ፎቶው ወጣ። ፀጉር ሠሪዋ እየሳቀች ከሥሩ «ወይኔ እትዬ፣ ነፍስ ይማር!» ብላ ጻፈች። ሣጥን ሠሪውም «ሣጥኑን በቅናሽ እሠራለሁ» አለ። ሳቁ።

ኩባንያው ቀልዱን እውነት ብሎ ይዞት ኖሯል፤ በማግስቱ ገጹ ላይ ግራጫ መስመር ተሰምሮበት ተገኘ። ከስሟ በላይ «በመታሰቢያነት» ይላል። ከሥሩ ደግሞ፣ «ይህ ገጽ የተወዳጅ ሟች ማስታወሻ ሆኗል። በሐዘንዎ እናዝናለን።» ምንም መለጠፍ አይቻልም፤ የማይቋረጠው የሐዘን መግለጫ ብቻ ነው።

እሱም ጎረፈ። ከዋናው መንገድ ማዶ ያለችው ባላንጣዋ የአበባ ነጋዴ፣ ለአሥራ ምናምን ዓመት ሰላምታ የነፈገቻት፣ «እንደ እህቴ ነበረች» ብላ ረጅም ጻፈች። የአክስቷ ልጅ ከሩቅ እያለቀሰች መጥታ ሱቁ በር ላይ ስታገኛት እንባዋን ጠረገችና፣ «ታዲያ በሕይወት ካለሽ ለምን አትናገሪም? ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ነውኮ የመጣሁት!» ብላ ተቆጣች።

ፀጉር ሠሪዋ የኩባንያውን የእርዳታ ክፍል ፈልጋ አገኘች። መልስ የሚሰጠው ማሽን ነው። «በመጀመሪያ መጽናናትን እንመኛለን። ከሟች ጋር ያለዎት ዝምድና ምንድነው?» አለ። ምርጫዎቹን ጮክ ብላ አነበበች፤ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ ሌላ።

«‹ራሷ› የሚል የለውም?» አለች እትዬ ጉንጉን።

«የለውም።»

«እንግዲያው ‹ሌላ› በዪው። ለራሴ ከዚያም በላይ ሆኜ አላውቅም።»

የእትዬ ጉንጉንን መታወቂያ በፎቶ ላኩ። ማሽኑ ማረጋገጫ ኮድ እልካለሁ አለ፤ ኮዱን የላከው ወደ ተዘጋው ገጽ ነው። እንደገና ጻፉ። በሦስተኛው፣ «ስሜትዎን እንረዳለን። ይሁን እንጂ ሟች በራሳቸው ስም ጥያቄ ሊያቀርቡ አይችሉም» የሚል መልስ መጣ። ሣጥን ሠሪው በሩ ላይ ተደግፎ ይሰማ ነበርና፣ «እኔ ድሮም መልክሽን አይቼ ጠርጥሬ ነበር። ልለካሽ?» አለ።

«ሂድ ወደዚያ! ያንተን ሣጥን ምስጥ እንኳ አይበላውም፤ ምን ቆርጦኝ እገባበታለሁ?» አለችው። ያን ቀን ገና ትቀልድ ነበር።

ከሐዘን መግለጫዎቹ መሐል የልጇ ስም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ነፍስ ይማር።» ማንም አላፊ አግዳሚ የሚለውን ያህል። ፀጉር ሠሪዋ ስልኩን ልትደብቀው ፈለገች፤ አሮጊቷ ግን አይታለች፤ ፊቷም በራ።

«ሰማ!» አለች። «አየሽ፣ ሰማ። በይ ከእንግዲህ ከዚያ ማሽን ጋር አትጨቃጨቂ። ሞቻለሁ።»

«ምን ማለትዎ ነው እትዬ?»

«ሞቴን ስትሰማ ና ብዬዋለሁ። ሰምቷል። ይመጣል።»

ግድግዳውን በኖራ አስቀባች። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል የእሱን አልጋ አንሶላ ቀየረች። የሰው ጥላ በሩን ባጨለመ ቁጥር መቀሷን አስቀምጣ ቀና ትላለች። ሲገባ የምትለውን ሁሉ አዘጋጅታለች፤ መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ቀጥሎ ይቆጣል፤ ይቆጣ፤ ከዚያ «ተቀመጥ» ትለዋለች፤ ብቻ እግሩ ይግባ። ለደንበኞቿም፣ «ልጄ ሊመጣ ነው» ትላለች። «እንኳን ደስ ያለዎት፤ ምን አመጣው?» ሲሏት፣ «የኔ ሞት» ትላለች።

ፀጉር ሠሪዋ አላስቻላትም። ተደብቃ ለልጁ ጻፈችለት፤ «እናትህ በሕይወት አሉ፤ ስህተት ነው፤ በዚህ ቁጥር ደውል።» መልሱ ወዲያው መጣ፤ «በእናቴ ሬሳ የምትነግዱ ሌቦች። መጀመሪያ ደውል፣ ቀጥሎ ብር ላክ ነው፤ አውቃችኋለሁ።» ከዚያ ብሎክ አደረጋት። ይህን ለአሮጊቷ አልነገረቻትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የትዕዛዝ ድምፅ ተሰማ። ፀጉር ሠሪዋ የደንበኛ ፀጉር በአንድ እጇ እንደያዘች ስልኩን ከፈተችና እንደ ልማዷ በግድግዳው ማዶ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፤ «አንድ ትልቅ ጉንጉን፣ ነጭ፣ ሪባን፦ ለውድ እናቴ...» ስሙ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ። እትዬ ጉንጉን መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ጨርሺው እንጂ።»

«እትዬ...»

«ጨርሺው አልኩ።»

ጨረሰችው። ስሙ የአሮጊቷ ነው። አዛዡ ልጇ ነው። ጉንጉኑ ለመቃብር ጠባቂው ይሰጥ፤ ከዚያም «ፎቶ ብቻ ይላክልኝ፤ መምጣት አልችልም» ይላል። ኩባንያው ሻጭና ገዢን አያገናኝም፤ ገዢው የሚያየው የኩባንያውን ምልክት፣ ዋጋውንና ፎቶውን ብቻ ነው። ሞታለች ያለው ያው ኩባንያ፣ ከመቃብሩ ቅርብ ነው ብሎ፣ ሥራውን ወደዚህ ሱቅ መራው። እስከ ማምሻው ካልደረሰ ወደ ሌላ አቅራቢ ይዛወራል፤ ይኸውም ወደ ማዶዋ ባላንጣ ነው።

አሮጊቷ ከበሩ ዞረች። ከዚያ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች።

«ልሥራው» አለች። «የኔን ሞት ያቺ ሴትዮ አትጎነጉነውም።»

ሠራችው። ሪባኑ ላይ ግን «ልጄ፣ አልሞትኩም። እናትህ» ብላ ጻፈች። ፀጉር ሠሪዋ ፎቶ አንስታ ላከች። ማሽኑ አልዘገየም፤ «በሪባኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ከትዕዛዙ ጋር አይመሳሰልም። እባክዎ ያስተካክሉ።»

ሪባኑን ቀየረች፤ ልጇ ያዘዘውን ቃል በቃል ጻፈች። ቀጥሎ ጉንጉኑን አነሳችና ፊቷን ከክቡ መሐል አስገባች፤ ጉንጯ ከጨርቅ አበባው ጋር ተጋጠመ። «አንሺኝ» አለች። ሣጥን ሠሪው ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ግን ሴትዮዋ ለፎቶው ፈገግ ለማለት ስትሞክር አየና ወደ መጋዙ ተመለሰ። ፎቶው ተላከ። «በምስሉ ላይ ሰው አለ። የደንበኞቻችንን ግላዊነት እናከብራለን። አንድ ዕድል ብቻ ቀርቶዎታል።»

ጀንበር እያዘቀዘቀች ነበር። እትዬ ጉንጉን ጉንጉኑን ከአንገቷ አውጥታ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ወደ ቁርጥራጩ ሣጥን ጎንበስ ብላ ፈለገች፤ ፈለገች። አንዲት ቢጫ አበባ ይዛ ተነሳች። ከታች፣ በግራ በኩል፣ ከነጮቹ መሐል ሰካቻት።

«ይህችን ማሽኑ አያውቃትም» አለች። «እሱ ግን ያውቃታል።»

ማሽኑ በእርግጥም አላወቃትም። አረንጓዴ ምልክት አሳየ፤ ፎቶውም ወደ ልጁ ሄደ። የመቃብር ጠባቂው ግን የቀብር መዝገቡን አይቶ፣ «እንዲህ የሚባል ሰው እኔ ጋ አልተቀበረም፤ መልሱት» አለ፤ ጉንጉኑንም ተሸክመው ወደ ሱቁ መለሱት።

በማግስቱ እትዬ ጉንጉን ሱቋን ቀድማ ከፈተች። ንጹሕ ቀሚስ ለብሳለች። በየደቂቃው፣ «አልደወለም? የሱቁን ስልክ ሊረሳው አይችልም፤ ከልጅነቱ የሚያውቀው ቁጥር ነው» ትላለች። ረፋድ ላይ የፀጉር ሠሪዋ ስልክ ጮኸ፤ የትዕዛዝ ድምፅ አይደለም፤ የአስተያየት ድምፅ ነው። ፀጉር ሠሪዋ አየችውና ቁጭ አለች።

«ምን አለ?»

«ሦስት ኮከብ ሰጥቷል እትዬ።»

«ከስንት?»

«ከአምስት።»

«ቃል አልጻፈም?»

ፀጉር ሠሪዋ ልትዋሽ ፈለገች፤ ውሸት ግን በቶሎ አልመጣላትም። አነበበች፤ «በአጠቃላይ ደህና ነው። ከታች ያለችው ቢጫ አበባ ግን ከሌሎቹ ጋር አትሄድም። በጥድፊያ የተሠራ ይመስላል።» ከሥሩ ኩባንያው፣ «የደንበኛችን እርካታ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጥራትዎን እንዲያሻሽሉ እናሳስባለን» ብሎ ጨምሯል።

እትዬ ጉንጉን ጉንጉኑ ወደተደገፈበት ግድግዳ ዞረች። ብዙ አየችው።

«አትሄድም ነው ያለው?»

«አዎ።»

«ልክ ነው» አለች። «እኔስ ድሮ ስነግረው የኖርኩት ይህንኑ አይደል?»

ጎንበስ ብላ ቢጫዋን ነቀለች፤ ቀዳዳውን በነጭ ደፈነች። አበባዋን ወደ ቁርጥራጩ ሣጥን ጣለቻት።

ያኔ አንድ ሰው ከሆስፒታሉ በር እየሮጠ ወጥቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሱቁ በር ላይ ቆመ። እናቱ ሌሊቱን አርፈዋል፤ ቀብሩ ዛሬ ነው።

«ለእናት የሚሆን የተዘጋጀ ይኖርዎታል?»

«አለ» አለች።

ሪባኑን ፈታች፤ ገልብጣም በጉልበቷ ላይ በጀርባው ዘረጋችው። ብሩሹን ቀለም አስነክታ የሴትየዋን ስም ጠየቀችው። ሰውየው ከሥር የሚታየውን ብርማ ጽሑፍ አስተዋለና፣

«ይኼስ ሌላ ሰው ያዘዘው አይደለም?» አለ።

«ነበር» አለች እትዬ ጉንጉን፣ ቀና ሳትል። «ያዘዘው አልመጣም። በል ስሙን ንገረኝ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ።»