የእትዬ ዘነበች እጅ በዶሮዎቻችን ሳጥን ውስጥ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤታችንን እትዬ ዘነበችን፣ እጃቸውን ዶሮዎቻችን እንቁላል በሚጥሉበት ሳጥን ውስጥ እንደከተቱ ያዝኳቸው።

ወንድሜ ጦር ግንባር መሞቱን ከተረዳን ወዲህ ሳጥኑ ባዶ ሆኗል። ዶሮዎቹ የእሱ ናቸው፤ ሳጥኑንም የሠራው እሱ ነው። እማዬ "ካልጣሉ ለተዝካሩ ይታረዳሉ" ብላለች። እኔ የወንድሜን ዶሮዎች በወጥ መልክ ማየት አልችልም።

እትዬ ዘነበች በየጠዋቱ እማዬን ሊያጽናኑ ይመጣሉ። ሲወጡ ግን በጓሮ በኩል ይዞራሉ። ጓሮ ምን አላቸው?

ስለዚህ እንደ አብዮት ጥበቃ ከእንጨቱ ክምር ጀርባ አደፈጥኩ። (መሣሪያ ብቻ ነው የጎደለኝ።)

"እትዬ! ምን እየወሰዱ ነው?"

ደንገጥ ብለው እጃቸውን አወጡ። ባዶ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ግን አንድ እንቁላል ተቀምጧል።

"ላስቀምጥ እንጂ ምን ልወስድ! አንተ በሐዘኑ ሰሞን ሁሉንም ጠርገህ አነሳህ። ዶሮ ደግሞ እንቁላል ካላየች ቦታውን ትሸሻለች። ይኸው ሰሞኑን በጓሮ ዞሬ ሳይ፣ አጥር ሥር እየጣሉ ድመት ይበላላችኋል። ወንድምህ እኮ ሁልጊዜ አንድ ይተውላቸው ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ሐዘንተኛን አጠፋህ ይባላል እንዴ፣ ልጄ?"

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳጥኑ ውስጥ ሁለት እንቁላል አገኘሁ። እማዬ አየችና "እንግዲህ ዶሮዎቹ ይቆዩ" አለች።

እትዬ ግን ከሰዓትም ብቅ ብለው ነበር አሉ። ሁለተኛውን ማን እንዳስቀመጠው ጠርጥሬያለሁ፤ አልጠይቅም።

እናንተስ ሌባ ነው ብላችሁ የጠበቃችሁት ሰው ምን ይዞ መጣ? እስቲ አጫውቱኝ።