ኮኩ ላይ ጎጆ የሠራችው ዋኖስ

ልጅ ሳለሁ አንድ ሙሉ ክረምት ያሳለፍኩት መስኮት ሥር ተኝቼ ነው። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሰሞን ኡራኤል ጋ መንገድ ስሻገር ታክሲ ገጨኝና ቀኝ እግሬ ጭኔ ላይ ተሰበረ፤ ከወገቤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በጀሶ ታሽጌ ካዛንቺስ ወደነበረው ቤታችን ተመለስኩ። አባቴ ለገሃር ካለው ሱቁ የሚመጣው ሲመሽ ነው። እናቴ ምሳዬን ታበላኝና በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። አልጋዬን መስኮቱ ሥር አስጠግተውልኝ ነበር፤ ግን በዚያ መስኮት የሚታየኝ የቆርቆሮ አጥራችን፣ አጥሩ ላይ የተንጠላጠለው የዱባ ሐረግና የኮክ ዛፋችን ግማሹ ብቻ ነው። ከአጥሩ ማዶ ጓደኞቼ በጭቃው ሲሯሯጡ እሰማለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ስሜን ይጠሩኝ ነበር፤ በኋላ ግን ተዉት። ጀሶው ውስጥ ሲያሳክከኝ ማከክ ስለማልችል ትራሴን እነክሳለሁ።

ያኔ ግቢውን ከጋሽ ሰይድ ጋር ነበር የምንጋራው። በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት የጨረሱ፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሥራቸውን ትተው ቤት የዋሉ ሽማግሌ ናቸው። ቀን ቀን ጓሮው ውስጥ ጎመንና በቆሎ ሲኮተኩቱ ይውሉና፣ መግሪብ ሰግደው ሲያበቁ እኛ ቤት ብቅ ይላሉ። በዚያ ክረምት መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ነበር፤ እናቴ ሻማ ታበራለች፣ ከሰሉን አያይዛ አልጋዬ አጠገብ ታስቀምጣለች፣ ጋሽ ሰይድም የረጠበ ጋቢያቸው ከፍሙ ሙቀት የተነሳ እየጨሰ ወንበራቸውን ይስባሉ።

«አለሽ?» ይሉኛል።

«የት እሄዳለሁ!» እላቸዋለሁ።

ተረቱ የሚጀመረው እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ላይ የጅብና የጦጣ ነበር የሚያወሩልኝ፤ አንድ ምሽት ግን ሰለቸኝና፣ «ጅቡ ይቅርና ውጭ ምን አለ?» አልኳቸው። ጋሽ ሰይድ ትንሽ አሰብ አደረጉና ጓሮውን ያወሩልኝ ጀመር። ድንቢጦቹ በባልዲው ውስጥ በተጠራቀመው የዝናብ ውሃ ለመታጠብ እንዴት እንደተጣሉ፣ የዱባው ሐረግ መሬት ጠቦት ሽንት ቤቱ ጣሪያ ላይ እንደወጣ፣ አንዲት የምታብረቀርቅ፣ አውራ ጣት የምታክል ወፍ ቀጭን ቆልማማ ምንቃሯን ቀይ አበባ ውስጥ ከትታ ስትጠጣ ንብ እንዳባረራት። ከሁሉ የበለጠ የምወዳት ግን ዋኖሷን ነበር። ጎጆዋን የሠራችው እኔ በማላየው በኩል ባለው የኮኩ ቅርንጫፍ ላይ ነው።

«ዛሬም ተቀምጣለች?»

«ተቀምጣለች። ወላሂ፣ ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድባት ላባዋን ነፋ አድርጋ ዝም! ባሏ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። በኋላ ተነስታ እሱ ተተካ።»

እኔም ሌሊት ጀሶው ሲከብደኝ ዋኖሷን አስባለሁ። እሷም እንደኔ እንዳሻት መነሳት አትችልም። ጫጩቶቹ የተፈለፈሉ ዕለት ጋሽ ሰይድ በእጃቸው እየለኩ መጠናቸውን ሲያሳዩኝ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ጫጩቶቹ መዳፋቸው ላይ ያሉ መሰለኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። ቆርቆሮው ከመጮኹ የተነሳ ጆሮዬን ደፈንኩ። በዚያን ዕለት ምሽት ጋሽ ሰይድ መጥተው ተቀመጡ፤ «አለሽ?» አላሉኝም።

«በረዶው ጎጆውን ግማሹን ጣለው» አሉ። «ዝናቡ ሲያባራ ቁራ መጣ። ከቤት እስክወጣ ድረስ ጫጩቶቹን ወስዷል።»

«ይቀይሩት» አልኩ።

«ምኑን?»

«ተረቱን። ቁራው አልመጣም ይበሉ።»

ፍሙን በእንጨት ጫር ጫር አደረጉት። «ልጄ፣ እሱን ብልሽ ደስ ባለኝ። ግን ይሄ ተረት አይደለም፤ ያየሁት ነው።»

ጮኼ አለቀስኩ። እናቴ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች። «ጋሽ ሰይድ፣ ምን ነካዎት? ለታመመ ልጅ እንዲህ ይወራል?»

ይቅርታ ጠይቀው ወጡ። ከዚያ በኋላ መምጣት ተዉ። ያን ሰሞን የነበረውን ዝምታ አሁንም አልረሳውም። ሊጠይቁኝ የሚመጡ ዘመዶች ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚሉኝ፤ «አይዞሽ፣ ትንሽ ቀን ነው፣ እንደ ድሮሽ ትሮጫለሽ።» እንዲህ ሲሉኝ እናቴ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች። አንድ ነገር እንደተደበቀኝ ገብቶኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። በጀሶው ላይ ሌላ ጀሶ የተጨመረብኝ ያህል ተጨነቅሁ። በመጨረሻ፣ «ጋሽ ሰይድን ጥሪልኝ» አልኳት።

ሲመጡ በሩ ላይ ቆሙ፤ መግባት ፈሩ። ሰላም እንኳ ሳልላቸው፣ «እግሬ እንደ ድሮው ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ወደ እናቴ ዞሩ። እናቴ የያዘችውን ፎጣ ጨመደደችው።

«እሷን ጠይቂ» አሉኝ ቀስ ብለው። ከዚያም ለእናቴ፣ «ንገሪያት እንጂ ልጄ። እያየችሽ እኮ ነው።»

እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ሐኪሙ… ማለቴ፣ ትሄጃለሽ፣ በደንብ ትሄጃለሽ። ግን አጥንቱ አጥሮ ነው የገጠመው። ትንሽ ታነክሺያለሽ አለኝ። በቃ፣ ይሄው ነው» አለችና ፊቷን በፎጣው ሸፈነች። ጋሽ ሰይድ ከበሩ አልተንቀሳቀሱም። እኔ ለረጅም ጊዜ አለቀስኩ፤ አባቴ ሲመጣም እያለቀስኩ ነበር። ግን በዚያች ሌሊት፣ ከተገጨሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳልባንን አደርኩ።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ጋሽ ሰይድ እንደገና ይመጡ ጀመር። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይመስለኛል፣ ወንበራቸውን ስበው ሳይጨርሱ፣ «ዋኖሷ ተመልሳለች» አሉኝ። «ጎጆውን እየጠገኑት ነው። ባሏ ጭራሮ ያመጣል፣ እሷ ታስተካክላለች።» ሌላ ቀን ደግሞ እንቁላል መጣሏን ነገሩኝ።

አጎቴ በዚያው ሰሞን ሊጠይቀኝ መጥቶ ስነግረው ሳቀ፤ «ሊያጽናኑሽ ነው እንጂ የትኛዋ ወፍ በዚህ ዝናብ!» አለኝ። አልተከራከርኩትም። እሱ በረዶው የወረደ ዕለት አልነበረም።

ጀሶው የተፈታልኝ በመስከረም ነው። በአባቴ ትከሻ ተደግፌ ጓሮ ወጣሁ። በቆሎው ከእኔ በልጧል፣ ዱባው ጣሪያው ላይ ተንጋሏል፣ የጭቃውና የጤና አዳሙ ሽታ አዞረኝ። እየተንገዳገድኩ ስሄድ እግሬ ማጠሩን ሁሉም አይቶ ዝም አለ። ጋሽ ሰይድ ብቻ፣ «በግራሽ ደገፍ በይ» አሉኝ።

ዛሬ ያ ግቢ የለም፤ ሰፈሩ ፈርሶ ሰው ሁሉ ወደየአቅጣጫው ተበትኗል፣ ጋሽ ሰይድም ካረፉ ቆይተዋል። እኔ ዛሬም አነክሳለሁ፤ ብርድ ሲሆን ጭኔን ይቆረጥመኛል። ያ ክረምት ሲታወሰኝ ከሁሉ በፊት የሚመጣብኝ የመታሰሩ ጭንቀት ነው፤ አላሳምረውም። ግን አንድ ነገር አብሮት ይመጣል። በዚያ መስኮት ሥር ተኝቼ፣ እኔ በማላየው ቅርንጫፍ ላይ እንቁላል አለ ሲሉኝ፣ ሳላይ አምኛለሁ። ያመንኳቸው ቁራው የመጣ ዕለት ስላልዋሹኝ ነው።