ጾመኛው ጅብ

ልጅ ሳለሁ፣ ካርቱም፣ ዴም የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አባባ ይማም በሚነግሩን ተረት ማንም ምንም አይበላም ነበር። ጅቡ ሰርግ ይጠራል፣ ይሄዳል፣ ይቀመጣል፣ ሙሽሮቹን መርቆ ይወጣል። «ምንም ሳይበላ?» ስላቸው «ጾመኛ ጅብ ነው» ይሉኛል። ጦጣዋ በቆሎ እርሻ ውስጥ ትገባና አይታ ትመለሳለች። አንበሳና ሚዳቋ መንገድ ላይ ተገናኝተው፣ ሰላም ተባብለው ይለያያሉ። ይሄ ደግሞ ምን ተረት ነው? ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ነገር ሲድበሰበስ አልወድም። ምክንያቱን ግን ግቢው ሁሉ ስለሚያውቅ እኔም ዝም እል ነበር።

ምክንያቱ ታናሽ እህቴ ሐያት ነበረች። ያለ ጊዜዋ ተወልዳ መጥባት ስላቃታት፣ ከሆስፒታል የወጣችው በአፍንጫዋ ገብቶ ሆዷ ድረስ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ ይዛ ነው። እናቴ ወተቱን መርፌ በሌለው ስሪንጅ ትሞላና ከፍ አድርጋ ይዛ ቀስ እያለ እስኪወርድ ትጠብቃለች። ሦስተኛ ዓመቷን ስትይዝ ሐያት መሮጥ ችላለች፣ በሁለት ቋንቋ መሳደብም ችላለች፤ አፏ ለምግብም እንደሚሆን ግን አታውቅም ነበር። ወተቱ እስኪወርድ ቱቦውን እንዳትነቅል የሚያዘናጋት የአባባ ይማም ተረት ብቻ ነው። እሳቸው የእናቴ አጎት ናቸው፤ ቀን ቀን አል-ሳሃፋ ሰፈር አንድ ሕንፃ ሲጠብቁ ይውሉና ሲመሽ ከእኛ ጎን ወዳለችው ክፍላቸው ይመለሳሉ። መብራት በሚጠፋበት ምሽት፣ ያኔ ደግሞ የማይጠፋበት ምሽት ጥቂት ነበር፣ በፋኖስ ብርሃን ከከሰሉ ፍም አጠገብ ተቀምጠው ሲያወሩ የጢማቸው ጥላ ግድግዳው ላይ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሐያትም እሱን ስታይ ወተቱ ያልቃል።

በማይበላ ሰው ፊት መብላት በእኛ ቤት ትልቅ ነውር ነው። አላፊ አግዳሚው እንኳ «እንብላ» ካልተባለ እህል በጉሮሮ አይወርድም። ታዲያ መብላት የማትችልን ልጅ «እንብላ» ብሎ ምን ይደረጋል? ስለዚህ ተደብቀን እንበላ ነበር። እናቴ ሰው ቤት ስትሠራ ውላ ስትመለስ የምታመጣውን ፉልና ዳቦ እኔና እሷ ከመጋረጃ ጀርባ ተራ በተራ እንበላና አፋችንን ጠርገን እንወጣለን። አባባ ይማምማ በራቸውን ዘግተው ነው የሚበሉት። ይሄን ሁሉ የምናደርገው ለሐያት ብለን ነበር።

አንድ ቀን ድልድዩን ተሻግረን ኦምዱርማን ወዳለ ክሊኒክ ሄድን። ሱዳናዊቷ ሐኪም ሐያትን መርምራ ስትጨርስ ጉሮሮዋ ደህና ነው፣ መዋጥ ትችላለች አለች። ነገር ግን በአፏ መብላት ካልጀመረች፣ ቱቦ በአፍንጫ ለዘላለም ስለማይቀመጥ፣ ሆዷ ተበስቶ በዚያ በኩል እንደሚገባ ነገረችን። እናቴ ክው አለች።

«ስትበሉ ታያችኋለች?» አለች ሐኪሟ።

«ወላሂ፣ አንድም ቀን አሳይተናት አናውቅም!» አለች እናቴ፣ ኮራ ብላ።

ሐኪሟ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችን፤ የቀኑን ወተት ቀንሱላት፣ ረሃብን ትወቅ፤ ስትበሉ አጠገባችሁ ትቀመጥ፣ ምግቡን በእጇ ታቡካው፤ አታስገድዷት፤ ትን ቢላትም ድምፅ እያሰማች እስካሳለች ድረስ አትንኳት። በየጊዜውም እያመጣችሁ አስመዝኗት አለችን።

ወሬው ግቢው ውስጥ ለመዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ጎረቤታችን እትዬ ብርሃኔ እጇ የማያርፍ ደግ ሴት ነበረች፤ ማታውኑ እንጀራ በወጥ ይዛ መጣችና «ነይ የኔ እናት» ብላ ሐያትን አጎረሰቻት። ልጅቷ ዓይኗ ፈጠጠ፤ የነበራትን ወተት ሁሉ አስመለሰች፤ ቱቦው ግማሽ ድረስ ወጣ። እትዬ ብርሃኔ ግን «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን ጠቅልላ ነበር። እናቴ እጇን ያዘቻት።

ከዚያ ወዲህ እጅ ወደ እሷ በተዘረጋ ቁጥር ሐያት በሁለት መዳፏ አፏን ትከድን ጀመር። ወተቱ ተቀንሷል፣ እህሉ አልተተካም። ፊቷ እየከሳ ሄደ። ስታለቅስ እናቴ ስሪንጁን ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች፣ ታነሳለች። እኔም ፊቷ መብላቱን ሞክሬ ነበር፤ ግን እያፈርኩና እየተሸሸግኩ ስለምበላ ሐያት ዞር ብላም አላየችኝ። የቀረው አባባ ይማም ነበሩ፤ ከፊታቸው ዓይኗን አትነቅልምና።

እሳቸው አሻፈረኝ አሉ። «የተራበች ሕፃን እያየችኝ ልብላ? እዚህ ሳልደርስ አላህ ይውሰደኝ።»

እናቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሰምቻት የማላውቃት ሴት፣ ያን ምሽት ጮኸች። «አባባ፣ የአንቱ ነውር ከልጄ ሆድ ይበልጣል? ሊበሷት ነው እኮ!»

አባባ ይማም ተነስተው ክፍላቸው ገቡ። ተቀየሙ ብዬ አለቀስኩ። እናቴም ያጠፋች መስሏት ፍሙን መቆስቆስ ያዘች። ጥቂት ቆይተው ፉላቸውን በሳህን፣ ዳቦውን በብብታቸው ይዘው ወጡና ሐያት ፊት ቁጭ አሉ።

«ቢስሚላህ» አሉ። «ያ ጾመኛ ጅብ… ዛሬ አፈጠረ።»

ጎረሱም። ጅቡ እንዴት እንዳላመጠ፣ ዘይቱ እንዴት በጢሙ እንደወረደ፣ እንዴት ከንፈሩን እንደላሰ እያሳዩ በሉ፤ እንባቸው ግን ከዘይቱ ጋር ይወርድ ነበር። ሐያት ለቅሶዋን አቆመች። ጠጋ ብላ በሚያላምጥ ጉንጫቸው ላይ እጇን አኖረች፤ የሰው መንጋጋ እንዲያ ሲሠራ በቅርብ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ጅቡ ምን በላ?»

«ፉል።»

ጣቶቿን ሳህኑ ውስጥ ከታ ወደ አፏ ወሰደቻቸው። ወዲያው ትን አላት። ፊቷ ደም መሰለ፣ አንገቷ ተገተረ፣ ሳል በሳል ሆነች። እናቴ ስትነሳ አባባ ይማም የለበሰችውን የሱዳን ቶብ ጫፍ ጨምድደው ያዙ። «ኸላስ፣ ተይ! እያሳለች ነው፣ ተይ።» እኔ የራሴን አፍ ይዤ ነበር። ሳሉ ቀነሰ፤ ከዚያ ጉሮሮዋ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል በፋኖሱ ብርሃን አየሁት። ዋጠች። ሁላችንንም በቁጣ ተመለከተችንና ሳህኑን ገፋ አድርጋ «ጅቡ ይብላ» አለች።

በአንዴ አልሆነም። ከምትውጠው የምትተፋው ይበልጥ ነበር፤ ልብሷም ግድግዳውም ፉል ሆነ። ክብደቷ እንኳን ሊጨምር እንዳለ መቆየቱ ሐኪሟን አላስደሰታትም፤ ግን ጥቂት እንጠብቅ አለች። እናቴ በእያንዳንዱ ቀጠሮ ዋዜማ እህል አትቀምስም ነበር። ታዲያ አንድ ጠዋት፣ እናቴ ለሥራ ቶቧን ስትጠቀለል፣ ሐያት ከእንቅልፏ ተነስታ «እማዬ፣ ራበኝ» አለች። ያን ቃል ከአፏ ሰምተን አናውቅም። እናቴ መሬት ላይ ዘፍ ብላ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያለች ታለቅስ ጀመር፤ ሐያትም ምግብ የሚያመጣላት ብታጣ ተናዳ «ራበኝ እኮ ነው የምለው!» ብላ ጮኸች። ቱቦው የወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሆዷም አልተበሳ።

አባባ ይማም ኋላ ካርቱም ውስጥ የተነሳውን ጦርነት ሳያዩ አረፉ። እኛ ከካርቱም ስንወጣ ሐያት ኮረዳ ሆና ነበር። አውቶብሱ አቧራ ውስጥ ሲቆም ሲነሳ ቀኑ ሄደ፣ የያዝነው ስንቅም አልቆ አንድ ዳቦ ቀረ። እናቴ ለሐያት ስትዘረጋላት ሐያት ለእኛ አስባ «አልራበኝም» አለች። የእናቴ ፊት ተለዋወጠ፤ ተኩስ ስንሰማ እንኳ እንደዚያ አልሆነችም።

«እንዲህ አትበይኝ!» አለች። «ራበኝ በይ። አሁን በይ!»

«ራበኝ፣ እማዬ» አለች ሐያት ቀስ ብላ፣ ዳቦውንም ተቀብላ በላች። እናቴ የመጨረሻዋ ቁራሽ እስክትዋጥ ዓይኗን ከጉሮሮዋ ላይ አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም። እስከ ዛሬም ማዕድ ላይ አብረን ስንቀመጥ እንደዚያው ነኝ፤ «ምን ታፈጪብኛለሽ? የራስሽን ብይ!» ትለኛለች ሐያት፣ እኔም እሺ እላለሁ፣ ግን ዓይኔን መንቀል አልችልም።