ቅቤ የተቀባው ሞተር

ትልቋ ልጃችን ስትወልድ ባለቤቴ ልታርሳት አዲስ አበባ ሄደች፤ ሄዳም ቀረች። አልተጣላንም። "ልጁ ጥርስ ሲያወጣ እመጣለሁ" አለችኝ፤ ጥርስ አወጣ። "መራመድ ሲጀምር" አለች፤ አሁን እየሮጠ ዕቃ ይሰብራል አሉ። ሌሎቹ ልጆቻችንም ሥራ ይዘው ከሆሳዕና ወጥተዋል። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ቀሪውን አስልቼ ሳየው አንድ ሰው፣ አራት ክፍል ቤትና ሲከፈት የሚያቃስት የቆርቆሮ በር ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን አንኳኩቼ የምገባበት ጊዜ ነበር፣ ውስጥ ማንም እንደሌለ እያወቅሁ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሞተሩን ያገኘሁት ለቅሶ ሄጄ ነው። የባልደረባዬ አጎት ሞርሲቶ አካባቢ አርፈው ልንደርስ ሄድን። ዝናቡ ድንኳኑን አልፎ ሲገባ ሰዉ በየጎረቤቱ ተበተነ፤ እኔም ሰባ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው አንዲት ባልቴት ቤት ገባሁ። ሰፊ የሣር ክዳን ቤት ነው። ላሞቹ በሚያድሩበት ወገን፣ በደረቀ የእንሰት ቅጠል የተሸፈነ ነገር ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከቅጠሉ ሥር የሞተር ሳይክል መሪ ብቅ ብሎ ይታያል።

"የሐኪሙ ነው" አሉኝ ዓይኔን ተከትለው። ባላቸው የከብት ሐኪም ነበሩ። ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሞተሩም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ሊገዙ የመጡ ሰዎች ሁሉ ገና ሳይቀመጡ ዋጋ ስለሚጠይቁ መልሰዋቸዋል። እኔ ልገዛ አልመጣሁም። ዝናቡ እስኪያባራ ለወሬ ያህል ብቻ አንድ የሞኝ ጥያቄ ጠየቅሁ፦

"ድምፁ እንዴት ነበር?"

"ድምፁ?" አሉና በርጩማቸውን ወደ እኔ ጠጋ አደረጉ። አማርኛቸው እንደ እኔው ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ እሳቸው ሀዲይኛ፣ እኔ ከምባትኛ ተናጋሪ ስለሆንን የምንገናኘው አማርኛው ላይ ነው። "ከወንዙ ማዶ ዳገቱን ሲይዝ እሰማዋለሁ። ያን ጊዜ ውሃ እጥዳለሁ። እሱ ደጅ ሲደርስ ውሃው ለብ ይላል። እግሩን ይታጠባል። አንድ ቀን አልተሳሳትኩም። ሌላ ሞተር ሲያልፍ አልነሳም።"

ቀናሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ በለቅሶ ቀን፣ በሞተ ሰው ቀናሁ። ገና ወንዝ ማዶ እያለ ድምፁን ለይቶ ውሃ የሚጥድለት ሰው ነበረው። ዝናቡ ሳያባራ ሞተሩን እንዲሸጡልኝ ለመንኳቸው። በወጣትነቴ ዱራሜ ሳስተምር ሞተር እነዳ ነበር፤ የሰጠሁት ምክንያት ግን መንገድና ትራንስፖርት ነበር፤ ቅናቴን ደበቅሁ። አዩኝና ተስማሙ፤ አንድ ቃል ብቻ አስገቡኝ።

"ሲነሳ መጀመሪያ እዚህ አምጣው። ልስማው።"

ቃል ገባሁ። ባለቤቴ ከሄደች ከሁለት ዓመት በኋላ መምጣቴን የሚጠብቅ ሰው አገኘሁ ብዬ፣ ሞተሩን የጫነው መኪና ጋቢና ውስጥ ሆኜ እስከ ሆሳዕና ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

መካኒኩ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ሆኗል፤ ያኔ በሒሳብ ፈተና ላይ የመለሰው ትክክለኛ ነገር ስሙ ብቻ ነበር። አሁን ተራው የሱ ነው። ሞተሩን በጣቱ ነካ አድርጎ አሸተተና፣

"ቲቸር፣ ይሄ ሞተር ነው ወይስ ክትፎ?" አለኝ።

ሰንሰለቱ፣ መሪው፣ የሞተሩ ሆድ ሳይቀር ቢጫ ነገር ጋግሮባቸዋል። የቆየ ቅቤ ነው። ቅቤው አይጥ ጠርቶ፣ አይጡ የኤሌክትሪክ ሽቦውን በሙሉ ቆርጥሞ፣ ከወንበሩ ስፖንጅ ውስጥ ጎጆ ሠርቷል። በማግስቱ ቅዳሜ ተናድጄ ሞርሲቶ ሄድኩ። ባልቴቷ ምንም አልደነገጡም።

"ለመስቀል ቤቱ ይለቀለቃል" አሉኝ ለሕፃን እንደሚያስረዱ። "ሰው ራሱን ቅቤ ይቀባል። ላሟም ትቀባለች። እሱ ብቻ ደረቁን ይዋል?"

ቅቤው የመጣው ከዊጆ ነው፤ ሴቶቹ በየሳምንቱ ቅቤ አዋጥተው በየተራ ከሚወስዱበት ማኅበራቸው። ዘጠኝ መስቀል ከድርሻቸው እየቀነሱ ሞተር ቀብተዋል። ይዤው የሄድኩትን ንዴት ምን እንዳደርገው ጠፍቶኝ የሰጡኝን ወተት ጠጥቼ ተመለስኩ። ለመካኒኩ ስነግረው ቀልዱን አቆመ። ቅቤውን በነጭ ጋዝ በረጠበ ጨርቅ ቀስ እያለ ይጠርግ ጀመር። ከሥሩ ያለው ብረት አንድም ቦታ አልዛገም ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜዎቼ ሁሉ ጋራዥ ውስጥ አለቁ። ቅቤ ስላልደረሰበት ውስጡን ዝገት የበላውን የቤንዚን ታንክ ጠጠርና ነጭ ጋዝ ከትተን፣ ክንዳችን እስኪዝል ተራ በተራ ናጥነው። ካርቡሬተሩን ፈታታነው። ካንዴላ፣ ጎማና ሽቦ ለወጥን። የመለዋወጫ ሱቁ ባለቤት ሳልፍ "ሕመምተኛው እንዴት አደረ?" እያለ ይጠይቀኛል፤ እኔም እንደ አስታማሚ በዝርዝር እመልስለታለሁ። እውነቱን ለመናገር ሥራው እንዳያልቅ የምመኝበት ቀን ነበር።

መጨረሻ ላይ የቀረው የጭስ ማውጫው፣ ማርሚታ የሚሉት፣ ብቻ ነው። ከሥር በኩል አንድ ቦታ ተበስቷል።

"ይበየድ ቲቸር፣ ይሠራል" አለ መካኒኩ።

"የተጣፈ ይዤ አልሄድም" አልኩት። "ሰው የሚጠብቀው ነገር ነው።"

አዲስ አስገጠምኩ። አሮጌውን በዚያው ቀን በደጅ ያለፈ ቁራሌ ወሰደው። ሞተሩ በአራተኛው ምት ተነሳ፤ ድምፁ እንደ አዲስ ንጹሕ ነበር። መካኒኩና እኔ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተቃቅፈን ጮኽን።

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሞርሲቶ ነዳሁ። ወንዙ ዘንድ ስደርስ ቆሜ አቧራዬን አራገፍኩ፣ ኮሌታዬን አስተካከልኩ። ከዚያ ዳገቱን ያዝኩ። ሆን ብዬ ነዳጅ ጨመር እያደረግሁ ወጣሁ።

ደጃፋቸው ላይ ማንም የለም። ባልቴቷ ከቤቱ ጀርባ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ሞተሩን አጥፍቼ እስክጠራቸው ቀና አላሉም።

"መጣህ ልጄ? በምን መጣህ?"

"በሞተሩ ነዋ እማማ! አልሰሙትም?"

"ሞተር ሲያልፍ ሰምቻለሁ" አሉ።

እጃቸውን ይዤ ወስጄ አሳየኋቸው። እንዳስነሳው ጠየቁኝ፤ አስነሳሁት። መዳፋቸውን ታንኩ ላይ አሳርፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። በጣም ረጅም ጊዜ አዳመጡ። እኔ እንደ ተፈታኝ ተማሪ ፊታቸውን አያለሁ።

"ይሄ ጤነኛ ነው" አሉ በመጨረሻ። "የሱ ያስል ነበር።"

ያኔ ገባኝ፤ ሳሉ ይወጣ የነበረው ከቀዳዳው ነው። ስለ ተበሳው ማርሚታ ነገርኳቸው። መልሼ ላስገጥመው አልችልም፤ የትኛው ቁራሌ፣ የት ወስዶ እንዳቀለጠው ማን ያውቃል? በብየዳ የተጣፈ ማርሚታ እንኳ ምናልባት ትንሽ ያስል ነበር። እኔ ግን አምሬ ለመታየት ብዬ፣ ዘጠኝ ዓመት በቅቤ ጠብቀው ያቆዩትን ሰው ድምፅ ለቁራሌ ሰጠሁት።

"ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

"አይ፣ አንተ ምን አደረግህ? ሞተሩ ድኗል" አሉ፤ ታንኩንም እንደ ከብት ጀርባ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት። "ያንተ ሆኗል። በሰላም ንዳው።"

ቆጮና አይብ አቀረቡልኝ። እየመረቁ እስከ አጥሩ ሸኙኝ። ቁልቁለቱን ከመጀመሬ በፊት ወደ ኋላ ስመለከት ግን ደጁ ላይ አልነበሩም።

ቤቴ ስደርስ ከቀትር በኋላ ነው። ከበሩ ፊት ቆምኩና ሞተሩን ሳላጠፋ ለባለቤቴ ደወልኩ። ለምን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ፦ እንድትሰማው ፈልጌ ነበር። ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋሁ፣ መልሼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት።

"ምንድን ነው ጩኸቱ?" አለችኝ።

"ሞተር ነው። የኔ ነው። ገዛሁ፣ አሠራሁት።"

"ሞተር? በዚህ ዕድሜህ? ማን ጋ ልትሄድበት ነው?"

ያለ ክፋት ነው የጠየቀችው፤ ድምፅዋ ላይ ሳቅ ነበረበት። የምሄድበት የባልቴቷ ቤት ብቻ ነበረ፣ እሱንም በዚያው ጠዋት ጨርሼው ነበር። ሞተሩ ያለ አንዳች ሳል፣ ያለ ማቋረጥ መሥራቱን ቀጠለ። ከስልኩ ማዶ የልጅ ልጄ ሲሮጥ ይሰማኛል።

"አይሰማኝም እኮ" አለች። "አጥፋውና በደንብ አውራኝ።"

አጠፋሁት። ከዚያም ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ የቆርቆሮ በሬን አንኳኳሁ።