አባባ የደፈኗቸው አምስት ቀዳዳዎች

ባለፈው ሳምንት አንድ የባጃጅ ሹፌር ንፋስ መውጫ ወዳለችው የስፌት ቤቴ መጥቶ ሦስት ቁራጭ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። አንዱ ቀይ ከፈይ፣ አንዱ ቆዳ መሳይ ጥቁር ላስቲክ፣ ሌላው እንጨት አስመስለው የቀለሙት ፕላስቲክ ነው። «እማማ፣ ለዳሽቦርዴ የትኛው ያምራል? እርስዎ ይምረጡልኝ» አለኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ለሰው ሶፋና ለሰው መጋረጃ ስመርጥ የኖርሁ ሴት ነኝ፤ ምርጫ አይቸግረኝም። ያን ቀን ግን አልመረጥሁለትም። «የወደድኸውን አድርግ፣ እኔን አትጠይቀኝ» ብዬ መለስሁት። ምን አጠፋሁ ብሎ ቅር ሳይለው አልቀረም። ምንም አላጠፋም፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አንድ ጊዜ መርጬ ስለማውቅ ነው።

ወንድሜ ጌታሁን አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ያኔ እኔ ሃያ አልሞላኝም፤ እሱ ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። እዚሁ ንፋስ መውጫ፣ ከሚሠራበት ጋራዥ ጀርባ፣ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ ከብረት ቱቦ፣ ከባሕር ዛፍና ከሸራ አንድ ሰው የሚይዝ አውሮፕላን አቆመ። ሞተሩ ከአሮጌ ቮልስ የወጣ ነበር። የክንፉን ሸራ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ክረምቱን በሙሉ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ እየያዘኝ፣ የባቄላ ቆሎ በኪሴ ይዤ፣ እየተመላለስሁ ሰፋሁለት። ይበር ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ እኔ እንጃ። እሱ ግን ይበራል ባይ ነው። ኅዳር ላይ ገብሱ ታጭዶ ማሳው ባዶ ሲሆን ሊሞክረው ቆርጦ ነበር።

ጥቅምት ሲገባ የቀረው ፊቱ ብቻ ነበር። ፊት የሚለው ከአብራሪው ፊት ለፊት የሚቆመውን፣ መለኪያዎቹ የሚሰኩበትን ሰሌዳ ነው። ከዋንዛ ጠርቦ አምስት ክብ ቀዳዳ በስቶበታል፤ መሐል ያለው ትልቁ ለከፍታ መለኪያ፣ የቀሩት አራቱ ለፍጥነት፣ ለሞተሩ ዙር፣ ለዘይትና ለሙቀት። «ምን እናልብሰው? የኔ ዐይን ብሎን እንጂ ውበት አያይም፤ አንቺ ምረጭ» አለኝ። የሞካከራቸውን ደረደረልኝ። አንድ የአሉሚኒየም ቁራጭ ላይ በመሰርሰሪያ ክብ ክብ እየፋቀ አብረቅራቂ ጌጥ አውጥቶበታል፤ ያምራል፣ ግን ፀሐይ ሲያርፍበት ዐይን ያጠፋል። ጥቁር የዘይት ቀለምም ነበር፤ እሱ የምድጃ በር መሰለኝ። ከካፌ ጠረጴዛ የተረፈ ፎርማይካም ነበር፤ እሱስ ካፌ መሰለኝ።

«ለምን አባባ በቆዳ አይደጉሱትም?» አልሁት።

አባታችን ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር መሪጌታ ነበሩ። ከማስተማሩ ጋር መጽሐፍ ይደጉሱ ነበር፤ የብራና መጽሐፍ የእንጨት ገበታውን ቀይ ቆዳ አልብሰው፣ በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ ያትሙበታል። የሳቸው ቆዳ አያብረቀርቅም፣ አይላላም፣ ከሰውየው ዕድሜ ይልቃል። ጌታሁን ወንበሬን ይተካል ብለው ያሰቡት ልጅ ነበር። እሱ ዜማውን አቋርጦ ጋራዥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ስሙን አልጠሩም። አልረገሙትም፣ አልሰደቡትም፣ ዝም አሉ። እኔ ደግሞ ሁለቱን የሚያስታርቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጌታሁን አንዱን ብሎን ያለ መጠን ሲያጠብቅ ቆየና፣ «ለማን እንደሆነ ትነግሪያቸዋለሽ» አለ።

«እነግራቸዋለሁ።»

«እንዳታድበሰብሺ። የጌታሁን ነው፣ ሊበርበት ነው ብለሽ። እጃቸውን ካሳረፉበት እበራለሁ። እምቢ ካሉ ይቀራል። ያለ እሳቸው ፈቃድ ከመሬት አልነሳም፣ እታለም።»

ያን ያህል ዓመት ደክሞ ሁሉን ነገር በአንድ ሽማግሌ ቃል ላይ ማንጠልጠሉ ያኔም አናደደኝ፣ ዛሬም ያናድደኛል።

ሰሌዳውን በአንሶላ ጠቅልዬ በጠዋት መኪና ተሳፈርሁ፤ ከመገንጠያው ወርጄ በእግሬ ቀጠልሁ። አደይ አበባው ገና አልረገፈም ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ ገብሱ ነጥቷል፤ ዝቅ ካለው ማሳ ላይ የባቄላ እሸት የሚለቅሙ ሴቶች ጠርተው አንድ እፍኝ ሰጡኝ። እየፈለፈልሁ የምናገረውን አጠናሁ። «አባባ፣ ይኼ የጌታሁን ነው።» ቀላል ነው፤ አራት ቃል ነው። ደጃፋቸው እስክደርስ ድረስ ሃምሳ ጊዜ ሳልለው አልቀረሁም።

አባባ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ቆዳ ይፍቁ ነበር። አንሶላውን ገልጠው ሰሌዳውን አገላበጡት።

«የምን መጽሐፍ ገበታ ነው እንዲህ የተንጣለለ?» አሉ።

እንዳየሁት ከሆነ ደስ ብሏቸዋል። ትልቅ ሥራ የመጣላቸው መስሏቸዋል። አፌን ከፈትሁ፣ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ወገዳ በኩል ካለ ደብር የመጣ ነው። ስንክሳር ነው መሰለኝ» አልሁ።

«ቀዳዳውስ?»

«አላወቅሁም፣ አባባ። ብቻ ፊቱን ይደጉሱት ብለዋል።»

ሲጨርሱ እነግራቸዋለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አንዴ ደክመውበት፣ አምሮ ካዩት በኋላ እምቢ ለማለት ይከብዳቸዋል። እንዲህ ነበር ያሰብሁት፤ ብልጥ ነኝ ብዬ ነው።

በሳምንቱ ተመልሼ ስሄድ ሰሌዳውን በራሳቸው ነጠላ ጠቅልለው አስቀምጠውታል። ገለጡልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ድጉስ አላየሁም። ዳር ዳሩን ሐረግ ሐረግ ይዞታል፤ መሐሉ ላይ ትልቅ መስቀል ታትሟል። ቀዳዳ የሚባል ግን የለም።

«አምስቱንም በዋንዛ ደፍኜዋለሁ» አሉ። «የነቀዘውን ክብ ክብ አድርገው ቆርጠው አውጥተውታል መሰለኝ። አባቶቻችን የተበላ ገበታ ሳይጠግኑ ቆዳ አያለብሱም። በጣትሽ ዳብሺው እስቲ፣ የቱ ጋ እንደነበረ ታገኚዋለሽ?»

ዳበስሁት። አላገኘሁትም። ያኔ መናገር ነበረብኝ። እሳቸው ግን «ለቤተ ክርስቲያን አይደል፣ ምንም አልፈልግም። በጸሎት ያስቡኝ በያቸው» አሉና ነጠላውን መልሰው ጠቀለሉት። እሺ ብዬ ተሸከምሁት።

ጌታሁን ግቢው ውስጥ መለኪያዎቹን ጨርቅ ላይ ደርድሮ ይጠብቀኝ ነበር። ሰሌዳውን ሲያይ መጀመሪያ ፊቱ በራ፤ ቀጥሎ መዳፉን አሳረፈና ቀዳዳዎቹን ፈለገ።

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኋቸው» አልሁ።

«ምን አሉ?»

«ምንም።»

ቁጭ አለ። «መልሳቸው ይኸው ነው» አለ። «አምስቱንም በገዛ እጃቸው ደፈኑት። ላዩ ላይ ደግሞ መስቀል አኖሩበት።» ቀዳዳ ልክፈት ብሎ መስቀል በቢላ የሚቀድ ሰው እኛ አገር የለም፤ ጌታሁንም አያደርገውም። ሌላ እንጨት ጥረብ፣ ቀለም እንቀባዋለን አልሁት። «ቃል ቃል ነው፣ እታለም። አባባ እምቢ አሉ» አለኝና መለኪያዎቹን አንድ በአንድ ወደ ካርቶን መለሳቸው። ካርቶኑ እስኪሞላ ድረስ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ዋሽቼሃለሁ ማለት አንድ ቃል ነው፤ እሱን እንኳ አላልሁም። ለሁለቱም መዋሸቴ ሊወጣ ነው ብዬ ፈራሁ።

ኅዳር መጣ፣ ገብሱ ታጨደ፣ ማሳው ባዶ ሆነ። ሞተሩ ወፍጮ ቤት ገባ፣ ሸራው የእህል መሸፈኛ ሆነ። ጌታሁን ጥር ሳይብት ወደ መተማ ወረደ። ከስምንት ዓመት በኋላ አባባ ሲያርፉ ለቀብር መጣ፤ ከሕዝቡ መሐል ጋቢውን አጣፍቶ ቆሞ አየሁት። በማግሥቱ ሄደ። እኔ ስለዚህ ነገር አልቅሼ አላውቅም። ብዙ ተቀምጠውበት እንደደነዘዘ እግር ነው፤ መኖሩን አውቃለሁ፣ አይሰማኝም። ለነፍስ አባቴ ተናዝዤ ስግደት አዘውኛል፤ ለወንድምሽም ንገሪው ብለውኛል። ስግደቱን ፈጸምሁ።

ያ የባጃጅ ልጅ ከሄደ በኋላ ግን መቀሴን አስቀምጬ ስልኬን አነሳሁ። ጌታሁን አሁን ፀጉሩ የነጣ ሰውዬ ነው፤ መተማ የመኪና ጎማ ይጠግናል።

«ጌታሁን፣ አባባ አያውቁም ነበር» አልሁት።

«ምኑን?»

«ሰሌዳው ያንተ መሆኑን። አልነገርኋቸውም። የመጽሐፍ ገበታ ነው ብያቸው፣ የነቀዘ መስሏቸው ነው የደፈኑት።»

ከወዲያ የከባድ መኪና ሞተር ይሰማ ነበር፤ እስኪያልፍ ጠበቅሁ።

«ብትነግሪያቸው ኖሮ ምን ይሉ ነበር?»

«እኔ እንጃ። አልጠየቅኋቸውም።»

ይሳደባል ብዬ ነበር፤ ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ።

«አፈር አላለበስኋቸውም እኮ» አለ። «ቀብሩ ዕለት። ሁሉም አንዳንድ እፍኝ ሲያለብስ እኔ እጄን ጋቢዬ ውስጥ እንደከተትሁ ተመለስሁ።»

ይህን አላውቅም ነበር። እሱ ግን ወሬ ለውጦ፣ «ዝናቡ አባራ ወይ እናንተ ጋ?» አለኝ። አባርቷል አልሁት። እሺ በይ፣ ደህና ዋይ ብሎ ዘጋው።

የተናዘዘ ሰው ቀለል ይለዋል ሲሉ እሰማለሁ። እኔን አልቀለለኝም፤ አልከበደኝምም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የጀመርሁትን የሰው መጋረጃ ጨረስሁ። ይህን ሁሉ ዓመት የደበቅሁትን ነገር አሁን እሱም ያውቀዋል፤ ከእሱ ጋር ይቅር የሚባባሉት አባባ ግን የሉም።