የአደጋ ጊዜ ተጠሪ

በግንቦት መገባደጃ፣ ሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ጌጤነሽ ይርዳው ለንደን ሆሎዌይ ሰፈር ባለው የተማሪዎች ማደሪያ የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛዋ ኋላ ተቀምጣ ሳለ፣ ከአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የተላከ ደብዳቤ በስልኳ ደረሳት። ደብዳቤው ተማሪ ፀደንያ ጥላዬ ለስድስት ሳምንት የበጋ ትምህርት ወደ ለንደን እንደምትመጣ፣ በአደጋ ጊዜ ተጠሪነት የተመዘገበችላትም አክስቷ ጌጤነሽ እንደሆነች ይገልጻል። ስለዚህ ተያይዞ የተላከውን ቅጽ አንብባ እስከ ዓርብ፣ በለንደን አቆጣጠር ከቀትር በኋላ አምስት ሰዓት ድረስ ፈርማ እንድትመልስ፣ ሳትፈርም ብትቀር ግን የተማሪዋ ቦታ ለሌላ እንደሚሰጥ ያስታውቃል።

ጌጤነሽ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያም መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ አማርኛ የሚሰማ አንድ ሰው በሌለበት አዳራሽ፣ «ደፋር!» አለች።

ደፋር ያለችው ልጅቱን አይደለም፤ ልጅቱንማ በአካል አይታት አታውቅም። ደፋር ያለችው የልጅቱን አባት፣ ታናሽ ወንድሟን ጥላዬን ነው። ከእሱ ጋር ቃል ከተለዋወጠች ሃያ ሁለት ዓመት አልፏታል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጌጤነሽ ለንደን በገባች በዓመቱ፣ ክሮይደን ቀርባ ስለ ጥገኝነት ጥያቄዋ ቃል የምትሰጥበት ቀን ሲቃረብ፣ እናታቸው አዲስ አበባ ላይ አረፉ። ያን ጊዜ ገና አገር ቤት የነበረው ጥላዬ ዘመድ አዝማዱን ሰብስቦ፣ ጉዳይዋ እስኪያልቅ ድረስ መርዶው እንዳይነገራት ወሰነ። በባዕድ አገር ብቻውን ለተቀመጠ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ደህና ጊዜና የሚያረዳ ሽማግሌ ይጠበቅለታል፤ በዚህስ ጥላዬ የመጀመሪያው ሰው አልነበረም። ጉዳይዋ እስኪያልቅ ግን አራት ወር ሄደ። በእነዚያ አራት ወራት ጌጤነሽ በደወለች ቁጥር ጥላዬ ስልኩን ያነሣና «እማዬ ተኝታለች፤ ሰላም ብላሻለች» ይላታል። አንድ ቅዳሜ ብሪክስተን ገበያ ሽንኩርት ስትመርጥ፣ ስሟን እንኳ በቅጡ የማታውቃት አንዲት ያገሯ ሴት እጇን ያዘቻትና «እግዜር ያጥናሽ፤ እናትሽ ደግ ሴት ነበሩ» አለቻት። ጌጤነሽ እዚያው አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች። ሞቱን መደበቁን ምናልባት ዕድሜ ያስረሳት ነበር፤ «ሰላም ብላሻለች» የሚለውን ግን ይቅር ልትለው አልቻለችም።

ሥራዋን የምትይዘውም ቂሟን በያዘችበት እጅ ነው። በዚያ ማደሪያ አሥራ ሰባት በጋ አሜሪካውያን ተማሪዎችን ተቀብላለች፤ አንድም ቀን ፈገግ ብላ አላስተናገደችም፤ አንድም ተማሪ ግን በእሷ ስንፍና ሜዳ ላይ አድሮ አያውቅም። አንድ የባንክ ካርድ ብቻ ይዞ መጥቶ ማሽን የዋጠበትን፣ በነጠላ ጫማ የለንደንን ዝናብ ሊመክት የተነሣውን፣ የመግቢያ ደብዳቤውን ባትሪው ባለቀ ስልክ ውስጥ ያስቀረውን፣ ሁሉን ታውቀዋለች። ከሁሉም የማትረሳው ግን ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሦስተኛ ፎቅ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ወድቆ ያገኙትን ልጅ ነው። የአምቡላንስ ሰዎች «ምን ሕመም አለበት? ምን መድኃኒት ይወስዳል?» ብለው ሲያፋጥጧት፣ በእጇ የነበረው ቅጽ «ምንም» ይላል። ልጁ የሚጥል በሽታ ነበረበት። ተርፏል፤ ሆኖም ነፍሱን ያወቀው በሦስተኛው ቀን ነው።

የፀደንያን ቅጽ የከፈተችው እንግዲህ ልትፈርም አይደለም፤ አልፈርምም የምትልበት ሰበብ ፍለጋ ነው። ሕመም፦ ምንም። የሚወሰድ መድኃኒት፦ ምንም። ከታች የማደሪያ ምርጫ አለ። ገንዳ የሌለው፣ ቆሞ መታጠቢያ ብቻ ያለው ክፍል። ከወለሉ ብዙ ያልራቀ አልጋ። ብቻዬን አልተኛም፣ አብራኝ የምታድር ተማሪ ትኑር። ይህን ሌላ ሰው ቢያነበው የተሞላቀቀች ልጅ ምርጫ ይመስለዋል። ጌጤነሽ ግን ጣቷን በመስመሮቹ ላይ አንሸራትታ ስትጨርስ ፊቷ ተለወጠ።

«ይህች ልጅ ትወድቃለች» አለች ለራሷ።

በማግስቱ ቅጹ ላይ ባገኘችው ቁጥር ደወለች።

«ጌጤነሽ ነኝ፤ ከለንደን።»

«ኦ! አክስቴ! እርስዎ ነዎት? እንዴት ነዎት?»

«አባትሽ ስሜን ሲያጽፍ ፈቃዴን ለምን አልጠየቀም?»

«ብጠይቃት አትመልስልኝም ብሎ...»

«እውነቱን ነው። አልመልስለትም። የጉዞ ፈቃድሽን አፕላይ አድርገሻል?»

«ለስድስት ሳምንት ቪዛ አያስፈልገንም እኮ፤ አሜሪካዊ ነኝ።»

«እሱን አውሮፕላኑ በር ላይ ለቆመችው ሴትዮ ንገሪያት። ቪዛ ባያስፈልግሽም ፈቃዱን በኢንተርኔት አስቀድመሽ ካልያዝሽ አያሳፍሩሽም። ዛሬውኑ አፕላይ አድርጊ። የፀጉር ማድረቂያ ሻንጣሽ ውስጥ ከተሻል?»

«አዎ፣ ከነአዳፕተሩ።»

«አውጪው። አዳፕተር ሶኬቱን ነው የሚያስማማልሽ። የዚህ አገር ኤሌክትሪክ ጉልበቱ የእናንተን እጥፍ ይሆናል፤ ያንቺን ፀጉር አደርቃለሁ ስትዪ አንድ ፎቅ ሙሉ ጨለማ ይውጠዋል። የዝናብ ካፖርትስ?»

ልጅቱ ሳቀች። «በጋ አይደለም እንዴ?»

«የለንደንን በጋ ማን አስተዋወቀሽ? ካፖርት ያዢ። ሁለት የባንክ ካርድ ያዢ፤ አንዱን ለብቻው አስቀምጪው። የመግቢያ ደብዳቤሽን በወረቀት አትመሽ ያዢ።» ጌጤነሽ እስትንፋስ እንኳ ሳትሰበስብ ቀጠለች። «በወር ስንት ጊዜ ትወድቂያለሽ?»

«ምን አሉኝ?»

«ሰምተሽኛል።»

ፀደንያ መጀመሪያ ካደች፤ ቀጥሎ ተቆጣች፤ በመጨረሻ እያለቀሰች ተናገረች። የሚጥል በሽታ በአሥራ አምስት ዓመቷ ነው የጀመራት። ከሁለት ዓመት በፊት ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ተጸለየላት፤ ለጥቂት ወራትም ተዋት። አባቷ በጉባኤው ፊት ቆሞ ልጄ ተፈውሳለች ብሎ መሰከረ፤ ሰው እልል አለ፤ ቪዲዮው እነሱ ከሚኖሩበት ከቨርጂኒያ እስከ ሚኒሶታ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሦስት ጊዜ ወድቃለች። የግቢው ክሊኒክ የሰጣትን መድኃኒት በድብቅ ትውጣለች። ሻንጣዋን የምታዘጋጅላት እናቷ ስለሆነች፣ ክኒኖቹን በቪታሚን ብልቃጥ አድርጋ ልትመጣ አስባለች።

«በቪታሚን ብልቃጥ!» አለች ጌጤነሽ። «ፍተሻ ላይ ብልቃጡን ከፍተው፣ ይህ ምንድን ነው ቢሉሽ ምን ልትዪ ነው? ቪታሚን? መድኃኒት ስምሽ ያለበት የራሱ ዕቃ ውስጥ ሆኖ፣ ከሐኪም ደብዳቤ ጋር ነው የሚጓዘው። ኢንሹራንሱስ? የደበቅሽውን ሕመም ማን ያሳክምልሻል?»

«አክስቴ፣ ፕሊስ፣ አባቴ እንዳይሰማ። ተመልሼ ስመጣ እኔው እነግረዋለሁ። አሁን ቢሰማ ይጎዳል። ለእሱ ብዬ ነው።»

ይህን ቃል ባትናገር ይሻላት ነበር። ጌጤነሽ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና አየችው፤ ጥላዬ ራሱ ከውስጡ የተናገረ መሰላት።

«ስሚኝ። እስከ ሐሙስ ለአባትሽ ትነግሪዋለሽ። ቅጹን ታርሚያለሽ። ሳትነግሪው ከቀረሽ እኔ እነግረዋለሁ። በሐሰት ቅጽ ላይ ፊርማዬ አያርፍም።»

«አንቺ ማነሽ?» አለች ልጅቱ ድንገት፤ እርስዎ ማለቱ ቀርቶ። «ሃያ ዓመት ሙሉ የት ነበርሽ? ለልደቴ አንድ ቀን ደውለሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ፈርሚና ዝም በይ!»

«ዝም የሚል ተጠሪ ከፈለግሽ የቤታችሁን ግድግዳ አስመዝግቢ» አለችና ዘጋችባት።

ረቡዕ ዕለት ነገሩን ለኂሩት አወጋቻት። ኂሩት የማደሪያው የጽዳት ኃላፊና የቤተ ክርስቲያን ባልንጀራዋ ናት፤ አንሶላ እያጠፈች ሰማቻትና እጇን አቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ጌጤ። ልጅቱን ልታድኛት ነው ወይስ ጥላዬን ልትወጊበት?»

«ልጅቱን ነዋ!»

«ታዲያ ዓይንሽ ለምን ያበራል?»

እውነት ነው፤ ያ በጉባኤ ፊት ቆሞ የመሰከረ ሰው ልጁ እንደዋሸችው ከራሷ ከጌጤነሽ አፍ ሲሰማ የሚሆነውን ከትናንት ጀምሮ እንደ ከረሜላ በአፏ ስታገላብጠው ነበር። በራሷ አፈረች። ያም ሆኖ ውሳኔዋን አላጠፈችም፤ የመታጠቢያ ገንዳው ልጅ በዓይኗ ላይ ነበር።

ሐሙስ ከልጅቱ ምንም አልመጣም። ጌጤነሽ ከሥራ ወጥታ ቤቷ እንደገባች ጫማዋን ሳታወልቅ ቅጹ ላይ በተጻፈው የጥላዬ ቁጥር ወደ ቨርጂኒያ ደወለች። ያነሣው ድምፅ የሽማግሌ ነበር፤ የተሳሳተች መሰላት።

«ጌጤነሽ ነኝ።»

«ማን ሞተ?» አለ ጥላዬ።

«ማንም አልሞተም። ሰው ቢሞትማ ሰላም ብሎሃል እልህ ነበር።»

«ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላም አልበረደልሽም?»

«አልበረደልኝም። ለዚያ አልደወልኩም። ልጅህ አልዳነችም። አንተ ከመሰከርክ ወዲህ ሦስት ጊዜ ወድቃለች። መድኃኒት ተደብቃ ትውጣለች። ቅጹ ላይ ጤነኛ ነኝ ብላ ሞልታለች።»

ጩኸቱን ጠበቀች። ለጩኸቱ መልስ አዘጋጅታ ነበር። ጥላዬ ግን በደከመ ድምፅ «አውቃለሁ» አለ።

«ምን አልክ?»

«አውቃለሁ። እናቷ ክኒኑን ካገኘችው ሰባት ወር ሆነ። ልጅቱ ሳትነግረን እኛ እንዴት ብለን እንጠይቃት? ጠየቅናት ማለት ምስክርነቴን አፈረስን ማለት ነው። ሦስት መቶ ሰው ፊት ቆሜ... ተይው። ስምሽን ያስጻፍኩት ለዚህ ነው። እዚያ ብትወድቅ፣ ይሉኝታ ሳይዘው የሚናገር አንድ ሰው ይኑራት ብዬ ነው። ከዘራችን እዚያ ያለሽው ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ጌጤነሽ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሁለት ቀን የሳለችው ቢላዋ እጇ ላይ ዶለዶመ፤ ይህም ይበልጥ አናደዳት።

«አፌን ተከራየኸዋ! ያንተን ሥራ እኔ እንድሠራልህ! ልጅህ አንተ እንዳትጎዳ ትደብቃለች፤ አንተ እሷ እንዳትጎዳ ትደብቃለህ፤ እኔ ደግሞ እዚህ ሬሳ እንድቀበል ታስመዘግበኛለህ!»

«እንደሱ አትበይ፣ እትዬ...»

«እትዬ አትበለኝ! የምታደርገውን ልንገርህ። ዛሬ ልጅህን ትጠራትና ‹አውቃለሁ› ትላታለህ። አንተ ራስህ፤ በእናቷ አፍ አይደለም። ነገ ጠዋት ወደ ሐኪሟ አብረሃት ትሄዳለህ፤ ደብዳቤ ታስጽፋለህ፤ ለስድስት ሳምንቱ የሚበቃና የሚተርፍ መድኃኒት በራሱ ዕቃ ታስወጣለህ። ቅጹ ታርሞ ካልመጣልኝ አልፈርምም። ቦታዋም ይሂድ።»

«ያ ትምህርት እኮ ሕልሟ ነው። ይህን ያህል ትጠዪናለሽ?»

«አንተን አዎን። ልጅቱን ገና አላውቃትም።»

«ያኔም ላንቺ ብዬ ነው» አለ ጥላዬ ቀስ ብሎ።

«ለእኔ ብለህ የሞተች ሴት ሰላምታ አቀበልከኝ» አለችና ዘጋችው።

ዓርብ በማደሪያው አርባ ጣሊያናውያን ገቡ። ጌጤነሽ ፓስፖርት እየተቀበለች፣ ቁልፍ እያደለች፣ በየመካከሉ ስልኳን ገልበጥ ታደርጋለች። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ አራት ሰዓት ሆነ፤ የለም። አራት ከአርባ ሲል ኂሩት የፎጣ ጋሪዋን እየገፋች ስታልፍ «እንዲያው ብትፈርሚላትስ?» አለቻት። «አልፈርምም» አለች ጌጤነሽ፤ የፊቷን ተማሪ ስም ግን ሁለት ጊዜ መዘገበችው። ልጅቱ በእሷ ምክንያት ብትቀር፣ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ከሥጋ ዘመዷ የተጠየቀችውን ነገር የከለከለች ሴት ሆና ልትኖር ነው።

አምስት ሰዓት ሊሆን አሥራ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ቅጹ መጣ። የሕመሙ ስም ተጽፏል። የሁለት መድኃኒት ስም ከነመጠኑ ተጽፏል። የሐኪሙ ደብዳቤ ተያይዟል። «አደጋ ቢደርስ ለማን ይነገር? መቼ?» በሚለው ፊት ለፊት «ለአባቴ፤ ያኔውኑ» ይላል። ከዚሁ ጋር ከፀደንያ የተላከ መልእክት አለ፦

«አባቴ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሑድ ጉባኤው ፊት ቆሜ እናገራለሁ ብሏል። እናቴ አታናግረኝም። ቤታችን ተበጥብጧል፤ የበጠበጥሽው አንቺ ነሽ። ኤርፖርት እንዳትመጪ። ቤትሽም አልመጣም።»

ጌጤነሽ ጣሊያናውያኑን በእጇ ምልክት አስቁማ ፈረመች። ቅጹ በመጨረሻ፣ ተጠሪዋ በየትኞቹ ሰዓቶች ልትገኝ እንደምትችል ይጠይቃል፤ ሃያ አራቱንም ሣጥኖች አንድ በአንድ ምልክት አደረገችባቸውና ላከችው። ከዚያም ለልጅቱ እንዲህ ብላ መለሰች፦

«አልመጣም። መድኃኒቱን ከሚጫነው ሻንጣ ጋር እንዳትልኪው። ሻንጣ ይጠፋል። ከራስሽ እንዳይለይ።»

«ማን ጠየቀሽ?» የሚል መልስ ወዲያው መጣ።

ጌጤነሽ ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችና የቀጣዩን ተማሪ ፓስፖርት ተቀበለች። ሁለት ተማሪ አስተናግዳ ሳትጨርስ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«የእጅ ሻንጣ ውስጥ ነው ወይስ ቦርሳዬ ውስጥ?»

አርባውንም ጣሊያናውያን ወደየክፍላቸው አሰናብታ እስክትጨርስ ድረስ አልመለሰችላትም። ከዚያ ቁጭ ብላ «ቦርሳሽ ውስጥ» ብላ ጻፈችላት።